እርም ያልወጣላቸው ግዞተኞች

ማጎሪያ ካምፕ፣ ሰው በሠራው ጥፋት ተከሶ፣ ተሟግቶና ተፈርዶበት የሚገባበት ወህኒ ቤት አይደለም። ትውልዱ፣ እምነቱ፣ የቤተሰቡ ስም ወይም የአንድ ሹም ጥርጣሬ ብቻ በቂ ምክንያት ሆኖ፣ የመውጫው ቀን ሳይነገረው ከብዙዎች ጋር የሚታጎርበት አጥር ግቢ ነው። በዚያ ብዙውን ሰው የሚገድለው ጥይት አይደለም፤ ረሃብ፣ የቆሸሸ ውሃ፣ ወባና ተቅማጥ ነው። ገዳዩ ማን እንደሆነ በግልጽ ስለማይታይ፣ በኋላ ተጠያቂ መፈለግም ያስቸግራል።

ስሙ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ናዚዎች ፖላንድ ውስጥ የሠሩትን አውሽቪትዝን ነው። 1.1 ሚሊዮን ያህል ሰው ያለቀበት ይህ ቦታ እ.ኤ.አ. በ1947 ሙዚየም ሆነ፤ በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈረ። በ2019 ብቻ ከ2.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ጎብኝተውታል። ዛሬ ወደ አውሮፓ የሚሄድ ኢትዮጵያዊም ጊዜ ካገኘ አንድ ቀን መድቦ ያየዋል። ሆኖም ይህ ቃል ለኢትዮጵያ ሰው የሩቅ አገር ቃል አይደለም። ናዚዎች የመጀመሪያውን ዋና ካምፓቸውን ዳካው ላይ የከፈቱት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1933 ነው፤ ጣሊያን ግን ከዚያ 40 ዓመት ያህል ቀድሞ በቀይ ባሕር ላይ የራሱን ግዞት ቤት አቋቁሞ ነበር።

ያ ቦታ ኖክራ ይባላል። ከምጽዋ ወዲያ ካሉት የዳህላክ ደሴቶች አንዱ ነው። ጣሊያን በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ኤርትራን ሲይዝ አልገዛም ያለውን ሰው የሚያግዘው ወደዚያ ነበር፤ ከ1928 ዓ.ም. ወረራ በኋላም ኢትዮጵያውያን እስረኞች ተጨመሩ። ሙቀቱ በበጋ እስከ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። የሚጠጣ ውሃ እንደ ልብ አይገኝም፤ ዙሪያው ባሕር ነውና ማምለጥም የማይታሰብ ነው። ከደጋ ተይዞ ለሄደ ሰው፣ ገብስ ከሚያበቅልና ጋቢ ከማያስወልቅ አገር ወጥቶ በዚያ አሸዋ ላይ መጣል ራሱ ፍርድ ነበር። እስር ቤቱ የተዘጋው እንግሊዞች ኤርትራን በያዙበት በ1933 ዓ.ም. ነው።

ከሁሉ የከፋው ስም ግን ዳናኔ ነው። ዳናኔ ከሞቃዲሾ ወደ ደቡብ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ዳር የተሠራ ካምፕ ነበር። የሶማሊያው ገዥና የደቡቡ ጦር አዛዥ ሮዶልፎ ግራዚያኒ መጀመሪያ ያዘጋጀው ለጦር እስረኞች ነው። ወደ ሕዝብ ማጎሪያነት የተለወጠው ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ነው።

የዚያን ዕለት፣ የኢትዮጵያ እንደራሴ ሆኖ የነበረው ግራዚያኒ በኔፕልስ ልዑል መወለድ ምክንያት ለድሆች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ፣ ሕዝቡን በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ሰበሰበ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት፤ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ከዚያ በኋላ በተከታታዮቹ ሦስት ቀናት አዲስ አበባ ውስጥ የሆነውን አረጋውያን ሲተርኩት ኖረዋል፦ ሰው በቤቱ ውስጥ ተዘግቶበት ተቃጠለ፣ በአካፋና በዶማ ተመታ፣ በየመንገዱ ወደቀ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ያደርሰዋል፤ ጉዳዩን ለዓመታት ያጠናው የታሪክ ተመራማሪ ኢያን ካምቤል ደግሞ ወደ 19,000 ያህል ይገምታል። የጎጃም ተወላጁ ደራሲ ተመስገን ገብሬ በዚያ ቀን አዲስ አበባ ነበር። ተይዞ ከሞት ለጥቂት ያመለጠበትን ሁኔታ የጻፈበት «ሕይወቴ» የተሰኘው የሕይወት ታሪኩ ለኅትመት የበቃው እሱ ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ከጭፍጨፋው የተረፉት መኳንንት፣ የተማሩ ወጣቶች፣ ካህናት፣ ሚስቶችና ልጆች በጭነት መኪና እየተጫኑ ወደ ዳናኔ ተወሰዱ። ግራዚያኒ አዝማሪን፣ ጠንቋይንና ባሕታዊን ሳይቀር ልብ ብሎ አሳድዷል። የጣሊያን መንግሥት አይቆይም የሚል ትንቢትና ዘፈን በሕዝቡ መካከል እንዳይሰራጭ ፈርቶ፣ ብዙዎቹን አስረሽኗል። በአንድ ክራር ወይም በአንድ ማሲንቆ የሚዜም ግጥም ለጦር ሠራዊት እንዲህ አስፈሪ መሆኑ፣ ቅኔን በቤቱ ላሳደገ የጎጃም ሰው የሚገባው ነገር ነው።

የዳናኔ ኑሮ የታወቀው በዋነኛነት ከዚያ በተመለሱት ሰዎች ምስክርነት ነው። ውሃው ጨዋማ ነበር፤ ምግቡ ጥቂትና ብዙ ጊዜም የተበላሸ ነበር። ከደጋ የመጣው ሰው ወባን የሚቋቋም ሰውነት አልነበረውም። ሚካኤል ተሰማ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ በዚያ ታስረው ኖረው፣ ከጦርነቱ በኋላ በሰጡት ቃል 6,500 ሰዎች መግባታቸውን፣ ከእነዚህም 3,175ቱ መሞታቸውን ተናግረዋል። ይህ ከታሳሪው ግማሽ የሚጠጋ ነው። አምባሳደር እምሩ ዘለቀ ደግሞ በልጅነታቸው ከቤተሰባቸው ጋር ወደዚያ ተወስደው ከተመለሱት አንዱ ናቸው፤ ትዝታቸውንም በጽሑፍ ትተዋል። ሕፃናት የታሰሩበት ቦታ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ቅኝ ገዥው «የጦር ምርኮኛ ያዝኩ» ሲል የሚያቀርበውን ማመካኛ የሚያፈርሰው ይኸው ነው።

ሌሎች ደግሞ ባሕር ተሻግረው ወደ ጣሊያን ተጋዙ። ከየካቲት 12 በኋላ ወደ 400 የሚሆኑ የመሳፍንትና የመኳንንት ቤተሰቦች ወደ አዚናራ ደሴት፣ ወደ ሎንጎቡኮ፣ ወደ መርኮሊያኖና ወደ ቲቮሊ ተወስደዋል። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ሮማነወርቅ ከልጆቻቸው ጋር አዚናራ ላይ ታስረው ነበር፤ በጥቅምት 1933 ዓ.ም. ቱሪን ከተማ አረፉ። የጎጃም ጠቅላይ ገዥ የነበሩት ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴም ከወረራው በኋላ ምዕራቡን አገር ይዘው ሲዋጉ ቆይተው በ1929 ዓ.ም. ተማርከው በፖንዛ ደሴት ተግዘዋል። ሙሶሊኒ ራሱ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1943 ከሥልጣን ሲወርድ ከታሰረባቸው ቦታዎች አንዷ ያችው ፖንዛ ናት።

ጎጃም ውስጥ ጣሊያን ሰውን ሰብስቦ እንዲህ ያለ ካምፕ ለማቆም ሰላም አላገኘም። ሕዝቡን ትጥቅ ላስፈታ ሲል ሽፍትነቱ ተቀጣጠለበት። በቢቸና በኩል በላይ ዘለቀ፣ በዳሞት ነጋሽ በዛብህ፣ በሌላው ወገን መንገሻ ጀምበሬና ኃይሉ በለው አገሩን ያዙ፤ ጣሊያኑም እንደ ቡሬ፣ ዳንግላና ደብረ ማርቆስ ባሉ ቦታዎች ምሽግ ገብቶ ተወሰነ። የቡሬው ጦር ምሽጉን ጥሎ የወጣው በየካቲት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ሲሆን፣ አርበኞቹና ከሱዳን የገባው፣ በእንግሊዞች የሚመራው የጌዴዎን ኃይል እያሳደዱ ወደ ደምበጫና ደብረ ማርቆስ ገፉት።

ዛሬ ከፈረስ ቤት ወይም ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው የሚሄደው በዚሁ አቅጣጫ ነው። ጂጋን፣ ደምበጫን፣ ደብረ ማርቆስንና ደጀንን አልፎ ዓባይ በረሃን ወርዶ ይወጣል፤ ጎሃ ጽዮንን፣ ገርባ ጉራቻንና ፍቼን ካለፈ በኋላ በግራ በኩል ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚገባው መንገድ ይገኛል። ከዚያ አዲስ አበባ የሚቀረው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አብዛኛው ተሳፋሪ ጸበል ለመጠጣትና አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ለመሳለም ካልሆነ አይወርድም። ከዳናኔ ታሪክ ጋር የሚገናኘው ትልቁ ቦታ ግን በዚህ መንገድ ላይ ያለው ይህ ገዳም ነው።

ግራዚያኒ መነኮሳቱ ቦምብ ወርዋሪዎቹን ደብቀዋል ብሎ ጠረጠረ። ጄኔራል ፒየትሮ ማሌቲ ገዳሙን የከበበው በግንቦት 1929 ዓ.ም. ነው። ጊዜው በዘፈቀደ የተመረጠ አልነበረም። ግንቦት 12 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ አጽም የሚከበርበት ቀን ስለሆነ፣ መነኩሴውም ተሳላሚውም ከየአቅጣጫው ተሰብስቧል። በማግስቱ፣ ግንቦት 13፣ የተያዙት ሰዎች በመኪና እየተጫኑ ላጋ ወልዴ ወደሚባል ቦታ ተወሰዱ፤ በረድፍ እየቆሙም በመትረየስ ተገደሉ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ ዲያቆናቱ በደብረ ብርሃን አካባቢ እንገጫ በተባለ ቦታ ተረሸኑ። ግራዚያኒ ወደ ሮም በላካቸው ቴሌግራሞች 449 ሰዎች መገደላቸውን አስታወቀ። ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ በኋላ ከምስክሮች ሰብስበው ያወጡት ግምት ግን ከ1,400 እስከ 2,000 የሚደርስ ነው። ከገዳሙ ጋር ግንኙነት አላቸው የተባሉ ሌሎች ሰዎችም ወደ ዳናኔ ተላኩ።

የቅዱሱን አጽም ፍልሰት ሊያከብር የመጣ ሕዝብ አጽሙ በየሜዳው ተበትኖ መቅረቱን ገዳሙን የሚሳለም ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ዛሬ የሚታየው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ከነጻነት በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራ ነው፤ በ1929 ዓ.ም. የነበሩት መነኮሳት አላዩትም። ስለዚህ እንግዳው ሕንፃውን ብቻ አይቶ ቢመለስ ታሪኩን አያገኘውም። የገዳሙን አባቶች መጠየቅና ሰማዕታቱ ተጭነው የወጡበትን አቅጣጫ ማየት ያስፈልጋል።

ደብረ ሊባኖስ ገዳምና የቱሪስት ቦታ በአንድነት ነው፤ ለጎብኚው ጠባይ የሚበጀው መለኪያም ከአገር ቤት የወጣ ነው። የሚሄደው ወደ ለቅሶ ቤት ነው። ለቅሶ ቤት የሚገባ ሰው ጮክ ብሎ አይስቅም፣ ቦታ አይሻማም፣ ከሐዘንተኛው ፊት ቆሞ ስለ መንገዱ ድካም አያወራም። ነጠላዋን ዘቅዝቃ የለበሰች ሴት ስለ ማን እንደምታለቅስ ሳትጠየቅ ይታወቅላታል። ተሳላሚው ጫማውን በሚያወልቅበት ቦታ ያወልቃል፤ ፎቶግራፍ ከማንሳቱ በፊት ያስፈቅዳል፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ጋር የሚጋጭ ነገር አያደርግም። በሌላው ዓለም ያሉ የማጎሪያ መታሰቢያዎችም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ለምሳሌ በአውሽቪትዝ የሟቾች ጸጉር የተቀመጠበት ክፍል ውስጥና በብሎክ 11 ምድር ቤት ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፤ ከ14 ዓመት በታች ላሉ ልጆችም ጉብኝቱ አይመከርም። በጎጃም ያደገ ሰው ደንቡን ሳያነብም ያውቀዋል።

አዲስ አበባ ሲደረስ ጉዞው ወደ ስድስት ኪሎ ያመራል። በአደባባዩ መካከል የቆመው የየካቲት 12 ሐውልት የተሠራው በዩጎዝላቪያውያኑ ቀራፂዎች በአንቱን አውጉስቲንቺችና በፍራኖ ክርሺኒች ሲሆን፣ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። በታችኛው ክፍል ያሉት የነሐስ ቅርጾች ግድያውንና ሐዘኑን ያሳያሉ። ታክሲና አውቶቡስ በየደቂቃው ስለሚዞረው፣ ብዙ የከተማው ሰው ከሩቅ እንጂ ከቅርብ አያየውም። ቀረብ ብሎ የነሐሱን ፊቶች አንድ በአንድ ማየት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል፤ ለዚያም የሚመረጠው ማለዳ ነው።

ከሐውልቱ ማዶ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ያው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ቦምቡ የተወረወረው እዚህ ነው። ቤተ መንግሥቱ አሁን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ሆኗል። በግቢው ውስጥ ወደ ሰማይ ብቻ የሚወጣ፣ የትም የማያደርስ ጠምዛዛ የሲሚንቶ ደረጃ አለ። ጣሊያኖች የሠሩት እያንዳንዱ ደረጃ የፋሺስት አገዛዝን አንድ ዓመት እንዲወክል ነበር። ከነጻነት በኋላ አናቱ ላይ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠ። ማፍረስ ይቻል ነበር፤ ሳይፈርስ አንበሳው መጫኑ ግን ለሚያየው ሰው ብዙ ይናገራል። ከብዙ ትልልቅ ሐውልቶች ይልቅ ይህቺ ደረጃ ትጠነክራለች።

ስለ ግዞትና እስር የሚጠይቅ መንገደኛ በጣሊያን ዘመን ብቻ ሊያቆም አይችልም፤ አገሪቱ የራሷ ሰዎች በራሳቸው ወገን ላይ የሠሩትም አለባት። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የተከፈተው በ2002 ዓ.ም. ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ደርግ የገደላቸው ሰዎች ፎቶግራፍ ግድግዳውን ሞልቶታል፤ አብዛኞቹ የተማሪ ፊቶች ናቸው። ከጅምላ መቃብር የወጡ አጽሞችና የሟቾቹ ልብሶች በመስታወት ውስጥ ተቀምጠዋል። የአርጀንቲና የፎረንሲክ ባለሙያዎች በ1980ዎቹ አጋማሽ በኮተቤ መቃብር ሲከፍቱ፣ በአጽሞቹ አንገት ላይ የታሰሩ የናይለን ገመዶች አግኝተዋል። በሙዚየሙ ከሚያስጎበኙት መካከል ራሳቸው ታስረው የተረፉ ሰዎች ነበሩ። የተረፈው ሰው ሲናገር መሃል ላይ ጥያቄ ማብዛት አይገባም፤ ዝም ሲል ዝም ማለት ነው።

ከእነዚህ ቦታዎች አንዱ ግን የለም። ሕዝቡ «ዓለም በቃኝ» የሚለው የከርቸሌ ወህኒ ቤት ብዙ ትውልድ የታሰረበት ነበር፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. 60 የቀድሞ ባለሥልጣናትና መኮንኖች የተረሸኑትም እዚያው ነው። በቦታው ላይ በቻይና ድጋፍ የተሠራው የአፍሪካ ኅብረት ዋና ጽሕፈት ቤት በጥር 2004 ዓ.ም. ተመረቀ። ኅብረቱ በግቢው ውስጥ የሰብአዊ መብት መታሰቢያ ለማቆም ወስኗል። ወህኒ ቤቱ ባይፈርስ ኖሮ ደቡብ አፍሪካ ከሮበን ደሴት ያገኘችውን አዲስ አበባም ባገኘች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ሙዚየም በሆነው በሮበን ደሴት የማንዴላን ክፍል የሚያሳዩት አስጎብኚዎች ራሳቸው የቀድሞ እስረኞች ናቸው፤ በር የሚከፍተው ሰው በሩ የተዘጋበት ሰው ነው። ግድግዳው ከሌለ ይህ አይቻልም።

በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን ለማየት የሚቀላቸው አዚናራ ነው። ደሴቱ ብዙ ዘመን የከባድ ወንጀለኞች እስር ቤት ሆኖ ቆይቶ አሁን ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል፤ ከሰርዲኒያ በመርከብ ይገባል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እዚያ ለሞቱት የኦስትሪያና የሃንጋሪ ምርኮኞች የአጽም ማስቀመጫ ቤት ተሠርቶላቸዋል። በሌላ ወገን የሮም ጎረቤት የሆነችው አፊሌ የተባለች ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2012 ለግራዚያኒ መታሰቢያ ሠርታለች፤ በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያንም ሰልፍ ወጥተው ተቃውመውታል። ግራዚያኒ በኢትዮጵያ ለሠራው አንድም ቀን ፍርድ ቤት አልቀረበም። እ.ኤ.አ. በ1950 የ19 ዓመት እስራት የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ነበር፤ ከዚያም በወራት ውስጥ ተፈቷል።

ዳናኔ ላይ ግን ተሳላሚ የሚወርድበት በር የለም። ከአገራቸው ወጥተው በዚያ አሸዋ ውስጥ የተቀበሩት ሰዎች ቤተሰቦች፣ ሬሳ ሳያዩ፣ መቃብር ሳይሳለሙ ኖረዋል። በአማርኛ «እርም ማውጣት» የሚባለው፣ ሐዘንተኛው ሟቹን አልቅሶ ከራሱ ላይ የሚያወርድበት ነገር፣ ለብዙዎቹ ሳይሟላ ቀርቷል። የዚህ ሐዘን መገኛ ቦታ ስድስት ኪሎና ደብረ ሊባኖስ ሆነዋል። በየዓመቱ የካቲት 12 በሐውልቱ ዙሪያ አርበኞችና የአርበኞች ልጆች ተሰብስበው አበባ ያኖራሉ፤ ግንቦት 12 ደግሞ ደብረ ሊባኖስ በተሳላሚ ይሞላል። ለዕለቱ ለመድረስ ከጎጃም የሚነሳ ሰው ከአንድ ቀን በፊት መንገድ መጀመር አለበት፤ ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ 385 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገትም ጊዜ ይወስዳል። ከመነሳቱ በፊት በቤቱ ያሉትን አረጋውያን ቢጠይቅ ይጠቅመዋል፤ ከዘመዶቹ መካከል «ጣሊያን ወስዶት ቀረ» የተባለ ሰው ካለ፣ ስሙን በወረቀት ጽፎ ለቅዳሴው መታሰቢያ ይዞት መሄድ ይችላል።